ጥቅስ የሚያስይዝ የ5 ደቂቃ ዘዴ

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ልጆች ጥቅስ ተከትለው ሲደግሙ የያዙት ይመስላል፤ በሳምንቱ ግን የለም። አጭር ጥቅስ፣ ለምሳሌ መዝሙር 22፥1ን (በሌላው አቆጣጠር 23፥1)፣ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ትርጉሙን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱና አብራችሁ አንብቡት። ከዚያ ባነበቡ ቁጥር አንድ ቃል አጥፉ፤ ሰሌዳው ባዶ እስኪሆን ሙሉውን ይበሉት። የጠፋውን ቃል ከራሳቸው ማውጣት ስላለባቸው ይቀራል፤ መከተል ብቻውን ምላስን እንጂ አእምሮን አያሠራም።

ቤት ሄደው ለታናሽ ወይም ለእናት እንዲያስይዙ አደራ በሏቸው። ይህቺ ትንሽ አደራ ከስብከቱ በላይ ስትሠራ ይታያል፣ የሚያስተምር ልጅ ራሱ አይረሳምና። በሳምንቱ አዲሱን ከመጀመራችሁ በፊት ሳትጽፉ ጠይቁ።

ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት በቃሉ ፈንታ ሥዕል አጥፉ። አዲስ የመጣን ልጅ ለብቻው አታስቁሙ፤ ካፈረ አይመለስም።