ቡችላ ከቢሾፍቱ ሐዋሳ በሰላም እንዲደርስ

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። ግቢዬ ውስጥ ጀርመን ሼፐርድ አረባለሁ። ገዢዎቼ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ አንዳንዴም ደብረ ብርሃንና ድሬዳዋ ናቸው። ከሩቅ የሚደውሉት ዋጋ ከተነጋገርን በኋላ የሚሉኝ ይመሳሰላል። «እትዬ፣ ለሹፌር ስጪልኝ፤ እኔ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበለዋለሁ።» የኔም መልስ አይለወጥም። ወይ ራስዎ ይምጡ፣ ወይ የሚያምኑትን ሰው ይላኩ፣ ወይ የመኪናውን ቻሉኝና እኔ ይዤው ልምጣ። ለሹፌር ግን አልሰጥም።

ረዳትና ሹፌር ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ሥራ አለባቸው። ረዳቱ ሰው ያስገባል፣ ያወርዳል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ዕቃ ይጭናል። ካርቶን ውስጥ ያለ ቡችላ ይተንፍስ፣ ያስመልስ፣ ሙቀት ያፍነው የሚያይበት ጊዜ ከየት ያመጣል? አንድ ሰው ከሌላ አርቢ የገዛውን ቡችላ በዚህ መንገድ አስልኮ ነበር። ፖርቶ መጋላ ላይ፣ በጆንያና በበግ መሃል። ሲደርስ የካርቶኑ ሥር በሽንት ረጥቦ ተቀዷል። ቡችላው ድዱ ደርቋል፣ አንገቱን ማቅናት አቅቶታል። ሐኪም ደርሶለት ተረፈ። እኔ ዘንድ ሁለተኛ ሊገዛ ሲመጣ መኪና ይዞ፣ ወንድሙን አስከትሎ ነው የመጣው። አንዱ ሲነዳ አንዱ ቡችላውን እንዲይዝ።

ስለ ዕድሜው ልጀምር። ሁለት ወር ያልሞላው ቡችላ ከኔ ግቢ አይወጣም። «በወሩ ከወሰድኩት ጌታውን ቶሎ ይለምዳል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሳስረዳቸው የምነግራቸው ይህንን ነው። ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ቡችላው ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ንክሻ መመጠን ይማራል። ጠንከር አድርጎ ሲነክስ ያኛው ይጮሃል፣ ጨዋታው ይቆማል። ይህንን ሳይማር የወጣ ቡችላ ነገ የልጆቻችሁን እጅ ነው የሚነክሰው። በዚያ ላይ ሆዱ ገና ምግብ አልለመደም፤ መንገዱንም አይችለውም።

ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቅደም። የመጀመሪያው፣ ዲስተምፐርና ፓርቮ የሚባሉትን ቡችላ ገዳይ በሽታዎች የሚከላከለው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ቢሾፍቱ በመሆኑ በሐኪም በኩል አልቸገርም። ክትባት በተወጋ ማግስት ቡችላ ሊፈዝ፣ ምግብ ሊቀንስ ይችላል። መንገድ ላይ ቢፈዝ ታዲያ መርፌው ነው፣ ጉዞው ነው፣ ሌላ በሽታ ነው? መለየት አይቻልም። የትል መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። በጉዞው ቀን አይሰጥ።

አሁን ወደ ሳጥኑ። የውሻ ማጓጓዣ ኬጅ ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁ ግን ካርቶን አትጠቀሙ። የቲማቲም የእንጨት ሳጥንም አልመክርም፤ ምስማሩ ይወጣል። እኔ የምጠቀመው ሁለት የፕላስቲክ የፍራፍሬ ሳጥኖችን ነው። አንዱን በአንዱ ላይ ገልብጬ አራቱንም ማዕዘን በሲባጎ አስራለሁ። በአራቱም በኩል አየር ይገባል፣ ይታጠባል፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ቡችላው ውስጡ መቆም፣ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት ከቻለ ልኩ ነው። የሁለት ወር ጀርመን ሼፐርድ ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ሳጥኑን ከመግዛታችሁ በፊት አርቢውን ኪሎውንና ቁመቱን ጠይቁት። ከሥሩ ጋዜጣ ደራርባችሁ አንጥፉ፤ በላዩ አሮጌ ጨርቅ።

ያ ጨርቅ ዋናው ነገር ነው። ከጉዞው ሳምንት በፊት እናትየው የምትተኛበት ቦታ አስቀምጠዋለሁ። ቡችሎቹ ይተኙበታል፣ ይጎትቱታል። አይታጠብም። ሳጥኑንም ከፍቼ እዚያው አጠገባቸው አኖራለሁ፤ አንዳንድ ቀን ምግባቸውን ውስጡ አቀርባለሁ። ይሄን የለመደ ቡችላ በጉዞው ቀን ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ አፍንጫውን ጨርቁ ውስጥ ወሽቆ ይተኛል። ያልለመደው እስከ ሞጆ ድረስ ሲጮህ ይሄዳል። ገዢ ከሆናችሁ ይህንን ከአርቢው የመጠየቅ መብት አላችሁ። ቀብድ ስትከፍሉ ጨርቁን አብራችሁ ላኩለት።

ቀኑን ስትመርጡ የበዓል ዋዜማን ተዉት። የገናና የፋሲካ ሰሞን መናኸሪያው በሰውና በበግ ይጨናነቃል፣ መኪና ይዘገያል፣ መንገዱ ይዘጋል። ሰዓቱ ደግሞ ማለዳ ይሁን። ወደ ሐዋሳ ስሄድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ፤ ከመቂ በኋላ ያለው ሜዳ ፀሐዩ ሳይበረታ እንዲያልፍልኝ። ወደ ደብረ ብርሃን ሲሆን ግን በተቃራኒው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋቷ ያንቀጠቅጣል። እዚያ ረፋዱ ላይ ብትደርሱ ይሻላል። ለብብ ያለ ውኃ በሃይላንድ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና በሳጥኑ በአንዱ ጥግ አድርጉለት። ሲሞቀው ወደ ሌላው ጥግ የሚሸሽበት ቦታ ግን ይተውለት።

ምግቡን ከመነሳታችሁ አራት ሰዓት ያህል አስቀድማችሁ አቁሙ። ማለዳ የምትነሱ ከሆነ የማታው እራቱ ትንሽ ዘግየትና ቀለል ይበል። «ረሃብ እንዳይጎዳው» ብሎ ሆዱን መሙላት ማስመለስን መጥራት ነው። ውኃ እስኪነሳ ድረስ ትንሽ ትንሽ ይጠጣ። ከመውጣቱ በፊት አጫውቱት፣ ይሽና፣ ይጸዳ። የደከመ ቡችላ ይተኛል። ቡችላው እንደ ቺዋዋ ያለ ትንሽ ዝርያ ከሆነ ግን ረጅም ጊዜ ሳይበላ መቆየት ስኳሩን ያወርደዋል። ትንሽ ማር ያዙ። ሲዝለፈለፍ ወይም ሲንቀጠቀጥ ካያችሁት በጣታችሁ ድዱን ቀቡትና በቅርብ ወዳለ ሐኪም ሂዱ።

እንዲተኛ ብለው አረቄ ጠብ የሚያደርጉበት አሉ። የሰው የእንቅልፍ ኪኒን የሚሰብሩለትም አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ትንፋሹን ሊያዘገየው፣ ሊገድለውም ይችላል። መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪሙ ራሱ መዝኖ ይስጥ።

በግል መኪና ከሆነ ሳጥኑን ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ አስቀምጡት፤ ካልበቃው ኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ እሰሩት። የሚያስመልሰው ብዙውን ጊዜ መኪናው ሲወዛወዝ ነው። ወለሉ ላይ ውዝዋዜው ይቀንሳል። ሹፌሩ ቡችላ አይታቀፍ። ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ካዛጋ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ ሊያስመልስ ነውና ፍጥነት ቀንሱ፣ መስኮት ከፈት አድርጉ። ቢያስመልስ አትቆጡት። እርጥቡን ጋዜጣ አውጥታችሁ ደረቁን አንጥፉለት። ፌስታል፣ ሶፍትና ትርፍ ጋዜጣ እጃችሁ አጠገብ ይሁን እንጂ ከሻንጣ ሥር አይሁን።

በሚኒባስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ረዳቱን ሳትሳፈሩ ንገሩት፤ ደብቆ መግባት ጠብ ያመጣል። ለሳጥኑ ወንበር ክፈሉ። ከኋላ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀመጡ። ተሳፋሪው «ብርድ ይመታናል» ብሎ መስኮቱን ሁሉ ይዘጋልና፣ የእናንተ ጥግ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ እንዲቆይ በትሕትና ለምኑ። አጠገባችሁ የሚቀመጠውንም ጠይቁት። ለጸሎት የሚሄድ ሊሆን ይችላል፣ ውሻ እንዲነካው የማይፈልግ ሊሆን ይችላል፣ የሚፈራም አለ። ሳጥኑን ግማሽ ድረስ በነጠላ ሸፍኑት። «እናቴ፣ ቡችላ ይዣለሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ አይወጣም» ብዬ ስናገር እሺ ያላለኝ ሰው ብዙ አልገጠመኝም። እንዲያውም ከባቱ በኋላ ስሙን የሚጠይቁኝ እነሱ ናቸው።

እረፍት ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ፤ ነገር ግን ቡችላውን መሬት አታውርዱት። መናኸሪያም ሆነ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት የጎዳና ውሻ የማያልፍበት ቦታ የለም። ፓርቮ ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። አንድ ክትባት ብቻ የወሰደ ቡችላ ገና አልተጠበቀም። ክትባቱ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ አሥራ ስድስት ሳምንቱ ይቀጥላል። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ጋዜጣ አንጥፉለትና እዚያ ይሽና። ውኃ ከራሱ ሳህን፣ ከቤት ከያዛችሁት ጄሪካን ስጡት። ሆቴል ደጃፍ ያለው የውሾች ገንዳ ይቅርበት። ልጆች ከበው «ላቅፈው» ቢሏችሁም ከሩቅ ይዩት።

ሙቀቱን በትኩረት ተከታተሉ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ እኛን ትኩሳት የሚያስብለን ለእሱ ደህንነት ነው። ነገር ግን አፉን ከፍቶ በኃይል ሲያለከልክ፣ ድዱ ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ ሲንገዳገድ ሙቀት እየጎዳው ነው። ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ መዳፉንና ሆዱን ቀዝቀዝ ባለ ውኃ አርጥቡት፣ አናፍሱት፣ ውኃ ጠጋ አድርጉለት፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። በረዶ አትጠቀሙ። ምሳ ልትበሉ ስትገቡ ደግሞ መኪና ውስጥ ዘግታችሁት አትሂዱ። እኔ ምሳዬን ቋጥሬ ነው የምወጣው።

የክትባቱን ካርድ ኪሳችሁ ያዙ። ኬላ ላይ ሳጥኑን ሊያዩ ቢፈልጉ ካርዱን ማሳየት ክርክር ያሳጥራል። ካርዱ ላይ የተሰጠው ክትባት ስም፣ ቀኑና የሐኪሙ ፊርማ መኖሩን አርቢው ፊት አረጋግጡ።

ከአሜሪካና ከአውሮፓም ይደውሉልኛል። «ለልጄ ቡችላ ላኪልኝ» የሚሉ። ስሜታቸው ይገባኛል፣ ግን በሁለት ወሩ አይሆንም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ስድስት ወር ያልሞላው ውሻ አታስገባም፤ ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ ቺፕም ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ በብዛት አለባቸው ከሚባሉት አገሮች ውስጥ ስለሆነች ተጨማሪ ወረቀት ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረት ጋ የእብድ ውሻ ክትባት ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከዚያ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ የደም ምርመራ፣ ከዚያም የሦስት ወር ጥበቃ አለ። እዚያው ካለ ጥሩ አርቢ ይግዙ እላቸዋለሁ።

አሁን ደረሰ እንበል። ቤቱ ሰው ተሰብስቦ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተው፣ ጎረቤት መጥቶ። በመጀመሪያው ሰዓት ጸጥ ያለ ቦታ ይሁን። ሳጥኑን ከፍታችሁ ተዉት፤ ራሱ ይውጣ። ውኃ ስጡት፣ ምግብ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ትንሽ። ገላውን አትጠቡት። ወተትና ጥሬ ሥጋ የእንግዳ ክብር ቢሆንም ለእሱ ተቅማጥ ነው። እኔ ለመጀመሪያው ሳምንት የሚበቃውን፣ የለመደውን ምግብ ቋጥሬ ነው የምሰጠው። ወደራሳችሁ ምግብ የምትቀይሩት ቀስ በቀስ እየቀላቀላችሁ ይሁን።

ከመሸጤ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ። «የመጀመሪያውን ሌሊት ማን አጠገቡ ይተኛል?» ብዙዎች የግቢ ጠባቂ ስለሚፈልጉ በመጡበት ማታ አንገቱን በሰንሰለት አስረው ጥግ ሊያኖሩት ያስባሉ። ከእናቱ ጉያ የወጣ የሁለት ወር ልጅ ነው። ያለቅሳል። ሳጥኑን ዘበኛው ቤት ወይም በረንዳው ላይ፣ የሰው ትንፋሽ የሚሰማበት ቦታ አድርጉለት፤ ያ ጨርቅ ውስጡ ይቆይ። ጠባቂነቱ ሲያድግ ይመጣል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው ቀብዱን መልሼለት አውቃለሁ።

ሌላው የምጠይቀው፣ ግቢው ውስጥ በቅርቡ ውሻ ሞቶ እንደሆነ ነው። ደም ያዘለ ተቅማጥና ትውከት ይዞት ከሞተ ፓርቮ ሊሆን ይችላል። ቡችላው እኔ ጋ ክትባቱን እስኪጨርስ ይቆይ። ሲሚንቶውንና ሳህኑን በደንብ አጥባችሁ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩበት። አፈሩን ግን በረኪና አያጸዳውም።

በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ቢበላና ቢተኛ አትደንግጡ። ካስመለሰና ተቅማጥ ከያዘው፣ በተለይ ደም ካያችሁ፣ እስከ ነገ አትጠብቁ። ደህና ከሆነም በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ይየው፤ ካርዱን አሳዩና የሚቀጥለውን ክትባት ቀን አስጽፉ። የእብድ ውሻው ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ነው። ቀኑን እኔ ራሴ ስልኬ ላይ እይዝና እደውላለሁ፤ አርቢያችሁ ባይደውልም እናንተ ያዙት።