ከአዲስ አበባ አቅራቢያ ተራራ ላይ ከጓደኛ ጋር ለማደር ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ መናገሻ ሱባ፣ የረር፦ ሁሉም ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ለምሳ የሚደረስባቸው ናቸው። ቅርብ ስለሆኑም ብዙ ሰው ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት እንደሚያድር ያህል ብቻ ተዘጋጅቶ ይወጣል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም የከፋው ከሰል አስገብቶ መተኛት ነው። «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ሆኗል፣ አይጎዳም» ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት አይደለም። የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም፤ ፍሙ ቀልቶ ጭስ ካቆመ በኋላም መውጣቱን ይቀጥላል፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የሣር ክዳን ያለው የገጠር ቤት በክዳኑ በኩል ይተነፍሳል። ለእንግዳ የሚከራየው አዲስ የእንጨት ጎጆ ግን ብርድ እንዳያስገባ ስንጥቁ ሁሉ ስለሚደፈን ጋዙ መውጫ የለውም። የቡና ከሰልም ያው ነው፤ ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ ምድጃው «ክፍሉን ያሙቅ» ተብሎ ጥግ ላይ ይተዋል፣ አመድ ለብሶም ለሰዓታት ይቆያል። መስኮት ገርበብ አድርጎ መተኛት አያድንም። ከሰሉ ከመኝታ በፊት ከነምድጃው ይውጣና ውጭ በውሃ ይጥፋ። ከሰል ባለበት ክፍል አንድ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ያለወትሮው ካንቀላፋ «መጠጡ ነው» ብላችሁ አታስተኙት። ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፤ የታመመውን ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት አድርሱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ታዲያ በምን ይሞቃል? በልብስና በፍራሽ። ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍ ያለው ቦታ ሁሉ ግን ከዝቅተኛው ይበርዳል ማለት አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ የሱሉልታን ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚመታው ለዚህ ነው። ምርጫ ካላችሁ ሜዳው መሐል ካለው ጎጆ ይልቅ ተዳፋቱ ላይ ያለውን ያዙ። ጋቢ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ግሩም ነው፤ ጥጥ በመሆኑ ግን ጤዛ ካራሰው አያሞቅም። ለሌሊቱ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ኮፍያና ያልተረገጠበት ደረቅ ካልሲ ያዙ። ከላይ ሦስት ከመደረብ አንዱን ከሥር ማንጠፍ ይሻላል፤ ብርዱ ከወለል ነውና የሚገባው። አረቄም አያሞቅም፤ ቆዳው ላይ ሙቀት ይሰማችኋል እንጂ ሰውነት ውስጥ የነበረው እየወጣ ነው።

ምግብ ላይ የሚሳሳቱት በመጠን ሳይሆን ሳይጠይቁ በመግዛት ነው። ሰማዩ ጥርት የሚልባቸው ቅዳሜና እሁዶች ብዙዎቹ ጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላሉ፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና። ከቡድኑ ማን ይጾማል? ሙስሊም ጓደኛ ካለ ሥጋው የማን እርድ ነው? መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት ይጠየቅ። በዘይት የተሠራ ሽሮና ምስር የሁሉም ነው፤ ጥብሱ በሌላ ድስትና በሌላ ማማሰያ ይሠራ። አጥንትና ትርፍራፊ ደጅ ላይ መጣል ጅብ መጥራት ነው፤ በፌስታል ታስሮ ቤት ውስጥ ይደር፣ እሁድ ወደ ከተማ ይመለስ።

ውሃ «እዚያ አለ» ከተባላችሁም ያዙ። ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር አስቡ፤ ለ8 ሰው ለሁለት ቀን 80 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን።

አርብ ከሥራ ወጥቶ በ11 ሰዓት ተኩል መነሳት ሌላው ነው። ፀሐይ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች፣ ከከተማ መውጫው በመኪና ይጨናነቃል፤ የማታውቁትን የጥርጊያ መንገድ በጨለማ ትገቡበታላችሁ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ መሬቱ ዋልካ ነው፤ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ያንሸራትታል፣ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር መኪናው ይቀበራል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ። ዘንቦ ካደረ መኪናውን አስፋልቱ ዳር ጥበቃ ባለበት አቁማችሁ ቀሪውን በእግር ሂዱ። ጫካ ውስጥ ለመሄድ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ ከቀኑ 9 ሰዓትም መመለስ ጀምሩ።

ማታ እሳት ዙሪያ መጫወት ካማራችሁ ከባሕር ዛፍ ሥር አታንድዱ። ቅጠሉ ዘይት አለው፤ በበጋ መሬት ላይ የደረቀው ንብርብር በአንዲት ፍንጣሪ ይያያዛል። ዙሪያውን 3 ሜትር ያህል እስከ አፈሩ ጥረጉ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ አጠገባችሁ ይቁም። ስትለዩት ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አገላብጡት፣ እንደገና አፍስሱ፤ አመዱ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልጠፋም።