የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ድዱን እንዴት ይንከባከባል?

በድድና በጥርስ መካከል የሚጠራቀም ቆሻሻ ድዱን ሲያስቆጣ፣ ሰውነት የሚያመነጫቸው የብግነት ንጥረ ነገሮች በአፍ ውስጥ ብቻ ተወስነው አይቀሩም፤ በደም ተሰራጭተው የደም ስኳርን የሚቀንሰው ሆርሞን ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ከፍ ያለ የደም ስኳር ደግሞ የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክምና ቁስል ቶሎ እንዳይድን ስለሚያደርግ በተራው የድዱን ሕመም ያባብሰዋል።

መጀመሪያ ምልክቱን ይለዩ። ጥርስዎን ቦርሸው ሲተፉ ምራቁ ሮዝ መልክ ካለው፣ ድድዎ ካበጠ ወይም ከጥርሱ ሥር ከሸሸ፣ ሕመም ባይሰማዎትም ችላ አይበሉት። ትምባሆ መድማቱን ስለሚሸፍን አጫሾች ድዳቸው ስላልደማ ብቻ መተማመን የለባቸውም።

ብዙ ሰው ድዱ ሲደማ ያንን ቦታ መቦረሽ ያቆማል፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ለመድማቱ መነሻ የሆነው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ለስላሳ ብሩሽ ይዘው፣ ጫፉን ወደ ድዱ ጠርዝ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለው፣ ሳይጫኑ በትንንሽ እንቅስቃሴ ለ2 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ ይቦርሹ። ብሩሹ የማይደርስበትን የጥርስ መሐል በቀን አንድ ጊዜ በጥርስ ማጽጃ ክር፣ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ በቀጭን የመሐል ብሩሽ ያጽዱ።

የጠጠረውን ቆሻሻ ግን ብሩሽ አያነሳውም፤ የጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ በቀጭን መለኪያ በድዱና በጥርሱ መካከል ያለውን ጥልቀት ይለካል፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤናማ ሲሆን፣ 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደማ ከሆነ ክትትል ይፈልጋል። ቁጥሩን ጠይቀው ይጻፉት። የስኳር ሕመም እንዳለብዎትና የሚወስዱትን መድኃኒት አስቀድመው ይንገሩ፤ ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነም ስኳርዎ ድንገት እንዳይወርድ ምግብ ሳይበሉ አይሂዱ።

ውጤቱን በማግስቱ አይጠብቁ። የሦስት ወር አማካይ ስኳር በመቶኛ የሚያሳየውን የደም ምርመራ (HbA1c) ከድዱ ሕክምና 3 ወር ያህል በኋላ ያሠሩ። ጥናቶች ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይህ ቁጥር በአማካይ በ0.4 የመቶኛ ነጥብ ገደማ እንደሚቀንስ፣ ለምሳሌ 8.2 በመቶ የነበረው ወደ 7.8 በመቶ ሊወርድ እንደሚችል ያሳያሉ። ይህ መድኃኒትን የሚተካ አይደለም፤ ቁጥሩ ሲወርድ የመድኃኒቱን መጠን የሚለውጠው የስኳር ሐኪምዎ ብቻ ነው፤ እርሱም የድድ ሕክምና መውሰድዎን ማወቅ አለበት።