ለገሃር ስንት ቀለም ነው? የፈረንሳይኛ ቃላትን ከፋፍሎ ማንበብ

«ለገሃር» በአማርኛ ሦስት ቀለም (በአንድ አናባቢ የሚነገር የቃል ክፍል) አለው፦ ለ-ገ-ሃር። የተወሰደበት የፈረንሳይኛ ቃል ግን ሁለት ብቻ ነው፦ ላ-ጋር፣ «ጣቢያው» ማለት። ዛሬ ባቡሩ ከአዲስ አበባ ዳር ከፉሪ ለቡ ተነስቶ ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋ ወደሆነባት ጅቡቲ ይወርዳል፤ ለተሳፋሪው ቀለም መቁጠር ይጠቅመዋል፤ አንድ ሲጨምር ሰሚው ቃሉን መለየት ያቅተዋል።

መጀመሪያ ከቃሉ መጨረሻ የማይነበበውን በእርሳስ ይሰርዙ፦ ምልክት የሌለበትን «ኧ»፣ አብዛኛውን ጊዜም «ኤስ»ን፣ «ቴ»ንና «ዴ»ን። ከዚያ የሚሰሙትን አናባቢዎች ይቁጠሩ፤ ፊደሎቹን አይደለም። «ቢሮ» ያልነው ቃል በስድስት ፊደል ይጻፋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን አንድ «ኦ» ናቸው፤ ስለዚህ ሁለት ቀለም ነው። የመጀመሪያው አናባቢ በአማርኛ የለም፦ «ኢ» እያሉ ምላስዎን ሳያንቀሳቅሱ ከንፈርዎን ለፉጨት እንደሚያደርጉት ያሹሉ።

በሁለት አናባቢ መካከል ያለ ነጠላ ተነባቢ ለኋለኛው ይሰጣል፦ ባ-ጋዥ (ሻንጣ)። ሁለት ከሆኑ ይካፈላሉ፦ ሜር-ሲ። ከ«ብ»፣ «ፕ»፣ «ክ»፣ «ግ» ወይም «ፍ» ቀጥሎ «ል» ወይም «ር» ሲመጣ ግን አይነጣጠሉም፦ ታ-ብሎ (ሰሌዳ)።

እኛን በጣም የሚያስቸግረን ጥብቀት ነው። በአማርኛ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ሌላ፤ ስለዚህ ድርብ ፊደል ስናይ እንጫነዋለን። ፈረንሳይኛ አይጫንም። «መድረሻ» የሚለው ቃላቸው በሁለት «ኤር» ይጻፋል፤ ሲነገር ግን አ-ሪ-ቬ ነው፣ ላልቶ።

ሌላው ሳድስ ነው። ባቡር «ትራን» ነው፣ አንድ ቀለም፤ በ«ት» እና በ«ር» መካከል «እ» ከገባ ሁለት ይሆናል። ጠረጴዛውን በጣትዎ አንዴ ብቻ እየመቱ ይበሉት። መጨረሻው ላይ ያለው «ን»ም በአፍንጫ የሚወጣ አናባቢ ነው። ቃሉን ብለው ሲጨርሱ ምላስዎን ይመልከቱ፤ ጫፉ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ከተጣበቀ ተሳስተዋል። «ጥሩ» ለወንድ ሲሆን በአፍንጫ የሚወጣ «ቦን» ነው፣ ለሴት ሲሆን ምላስ የሚነካበት «ቦን»። በፊደላችን ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸውና ለዚህ ጆሮ ያስፈልጋል፤ የተቀዳ ድምፅ ደጋግመው ይስሙ።

ቃሎቹ ሲቀጣጠሉ የሰረዙት ፊደል ሊመለስ ይችላል። ለብዙ የሚያገለግለው መስተአምር (እንደ «ላ» ከስም በፊት የሚገባ ቃል) ብቻውን «ሌ» ነው፤ «ኤስ»ው አይሰማም። አናባቢ ሲከተለው ግን «ዝ» ሆኖ ለቀጣዩ ቀለም ይሰጣል፦ ሌ-ዛ-ሪ-ቬ። አራቱን እኩል ይምቱ፣ የመጨረሻውን ብቻ ጥቂት ያርዝሙ።