ቪዛ ወጥቶ መንገድ ሲዘጋ የሚሠሩ ስህተቶች

ኮሮና በገባበት በ2020 እ.ኤ.አ. ዲቪ ደርሷቸው፣ ቪዛው ፓስፖርታቸው ላይ ተለጥፎ ሳይሄዱ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። እንዲህ ያለ ጊዜ ተመልሶ ቢመጣ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ።

ከሁሉም የከፋው «ተዘግቷል» ሲባል ሰምቶ ሻንጣ መፍታት ነው። ትራምፕ አፕሪል 22 የፈረሙት አዋጅ አዲስ የኢሚግራንት (ለኑሮ የሚኬድበት) ቪዛ መስጠትን አገደ፤ አፕሪል 23 ሌሊት ሥራ ላይ ሲውል ግን ቪዛ በእጁ የነበረውን ሰው አይነካም ነበር። ይህን ያላነበበ «እስኪከፈት ልጠብቅ» እያለ የቪዛው ቀን ያልፍበታል። የዲቪ ቪዛ ደግሞ የአሜሪካ የበጀት ዓመት ሴፕቴምበር 30 ካበቃ በኋላ ምትክ የለውም። እገዳ ሲታወጅ መጀመሪያ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ከሁሉ በፊት እነማንን እንደማይመለከት የሚናገረውን ክፍል።

«ስድስት ወር አለኝ» ብሎ መዝናናትም አለ። ቪዛው ከሜዲካል ምርመራው ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ሜዲካሉ ቀደም ብሎ ከተሠራ ጊዜው ያጥራል። ቀኑን ራሳችሁ እዩት። ኦክቶበር 5 የሚለውን ጥቅምት 5 ብሎ የያዘ ሰው ተሳስቷል፤ መስከረም 25 ነው። ዐሥር ቀን ተበላ ማለት ነው።

ቪዛ ግሪን ካርድ አይደለም። ቋሚ ነዋሪ የሚኮነው አሜሪካ ገብቶ ሲታተምበት ነው። በማርች 2020 ከሼንገን አገሮች (እርስ በርስ ያለ ድንበር ቁጥጥር ከሚያዘዋውሩት የአውሮፓ አገሮች) የሚመጡ ሲታገዱ ግሪን ካርድ ያላቸው ተፈቀደላቸው፤ አዲስ ባለቪዛ ግን ባለፉት 14 ቀናት ውስጥ በጀርመኗ ፍራንክፈርት ትራንዚት ካደረገ አይሳፈርም ነበር። ረከሰ ብላችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በየት በየት እንደሚያልፍ ጠይቁ።

የኮሮና ምርመራው ላይ ብዙ ሰው ይጠነቀቅ የነበረው ለውጤቱ ብቻ ነው። ከጃንዋሪ 26፣ 2021 ጀምሮ ሁለት ዓመት የሞላው መንገደኛ ሁሉ ከበረራው በፊት በነበሩት 3 ቀናት የተሠራ ኔጌቲቭ ውጤት ይጠየቅ ነበር። ስሙም ከፓስፖርቱ ጋር መግጠም ነበረበት። ጸጋዬን መዝጋቢው እንደሰማው በእንግሊዝኛ ቢጽፈው ሌላ ሰው ይሆናል። ፓስፖርታችሁን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስጽፉ፤ ወረቀቱንም ከላቦራቶሪው ሳትወጡ አንብቡት። ሦስቱ ቀን በዲሴምበር 2021 ወደ አንድ ቀን ወርዶ፣ ግዴታው ራሱ በጁን 2022 ቀርቷል፤ ደንብ እንዲህ ይለዋወጣልና የጓደኛችሁን የአምናውን ልምድ አትከተሉ።

ቪዛው ሳይወጣ ቤት አትሽጡ፣ ሥራም አትልቀቁ። አውሮፕላን ላይ ቦታ ጠፋ ብላችሁም ባለቤታችሁንና ልጆቻችሁን አታስቀድሙ፤ ዋናው ዕድለኛ ወይ ቀድሞ ይገባል ወይ አብሯቸው ይጓዛል።