ግራፍ ስታዩ መስመሩን መጀመሪያ አትዩት

ባለፈው አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ግራፍ ላከልኝ። ከሥሩ "ዶላር ተተኮሰ፣ አለቀልን!" ይላል። መስመሩ እውነትም እንጦጦን የሚወጣ ይመስላል፤ ከግራ ታች ተነስቶ ቀኝ ላይ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። አልዋሽም፣ ደንገጥ አልኩ። ከዚያ በግራ በኩል ያሉትን ደቃቅ ቁጥሮች በሁለት ጣቴ አጉልቼ አየሁ። ከታች 125፣ ከላይ 126። ያ ሁሉ ዳገት አንድ ብር ነው! በመቶ ቢሰላ አንድ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ግራፍ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ መስመሩን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። የምሬን ነው። ዓይን መስመር ሲያይ ወዲያው ወሬ ይፈጥራል፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ጉድ ሆነ። እናንተ ርዕሱን አንብቡ። ቀጥሎ የግራውን ቁጥር፤ ከስንት ተነስቶ ስንት ይደርሳል? በብር ነው፣ በሚሊዮን ነው፣ በመቶኛ ነው? ከዚያ ከታች የተደረደረውን ጊዜ። እነዚህን ሳታውቁ ጣታችሁን አታንሱ።

የግራው ቁጥር ከዜሮ አለመነሳቱ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። የሰውነት ሙቀት ግራፍ ከዜሮ ቢነሳ 37 እና 40 ተጠጋግተው ትኩሳቱ አይታይም፤ ነርሷ ምን ታድርገው? ባር ግራፍ (ቁጥሩን ቆመው በተደረደሩ ዘንጎች የሚያሳየው) ላይ ግን ይቅርታ የለም። ባር የሚናገረው በቁመቱ ነው፣ እግሩ ከተቆረጠ ቁመቱ ውሸት ነው። 50 እና 55ን ከ45 ጀምራችሁ ብትስሏቸው አንዱ የሌላው እጥፍ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ዶላርን ካነሳን አይቀር፣ የብዙ ዓመቱን ግራፍ እንየው። በደርግ ዘመን አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ላይ ተተክሎ ኖረ። 1985 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ባንዴ 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ሲባል ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዚያው ቀን ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ወሰደው። ሁለቱን በአንድ ተራ ግራፍ ላይ ብታዩ የ2016ቱ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። የ1985ቱ ወለሉ ላይ የወደቀ ክር ይመስላል፣ ቀና ማለቱ እንኳ አይታወቅም። አሁን አስሉት። የ1985ቱ ዋጋውን ከእጥፍ በላይ ነው ያደረገው፣ የ2016ቱ የመጀመሪያ ቀን ግን 30 በመቶ ነው የጨመረው። ተራ ግራፍ ስንት ብር እንደተጨመረ እንጂ ስንት እጥፍ እንደሆነ አያሳይም። ለዚህ ሲባል ሎግ ስኬል የሚባል አለ፤ የግራው ቁጥር 1፣ 10፣ 100 እያለ በእኩል ርቀት ከተቀመጠ እሱ ነው። እዚያ ላይ እኩል ቁመት ማለት እኩል እጥፍ ማለት ነው። ግራፉን የላከላችሁ ሰው የትኛውን እንደተጠቀመ ሳታዩ "ያኔ ደህና ነበር" ብላችሁ አትከራከሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ቀን ዶላር በ30 በመቶ ተወደደ ብትሉ ልክ ናችሁ። ብር በ23 በመቶ ረከሰ የሚልም ልክ ነው። አንዱ ለድሮው ዶላር ዋጋ አካፍሎ፣ ሌላው ለድሮው የብር ዋጋ አካፍሎ ነው። መቶኛ ባያችሁ ቁጥር "የምኑ መቶኛ?" በሉ።

የዋጋ ግሽበት ግራፍ ደግሞ ሰው ያጣላል። ዜናው "ግሽበት ቀነሰ" ይላል፣ መስመሩም ቁልቁል ወርዷል፣ ገበያ የወጣችውን እናት ግን ሽንኩርቱም ዘይቱም ጨምሮ ጠበቃት። ውሸታሙ ማነው? ማንም ላይሆን ይችላል። ያ መስመር ዋጋን አያሳይም፤ ዋጋው የሚጨምርበትን ፍጥነት ነው። መቶ ብር የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት 20 በመቶ ቢጨምር 156። መስመሩ ከ30 ወደ 20 ወረደ፣ ከኪሳችሁ ግን ሌላ 26 ብር ወጣ። ሚኒባሱ ፍሬን ያዘ ማለት ወደ ኋላ ሄደ ማለት አይደለም። ዋጋ ራሱ ቀነሰ የሚባለው መስመሩ ከዜሮ በታች ሲገባ ብቻ ነው። ደግሞ ቁጥሩ ካለፈው ወር ጋር ነው ወይስ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር የተነጻጸረው? ርዕሱ ላይ በደቃቁ ይጻፋል፣ ፈልጉት።

ወደ ታችኛው መስመር እንምጣ፣ እኛ አገር ጣጣው እዚህ ነው። ያ ሐምሌ 22 በኛ አቆጣጠር 2016 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ 2024 ነው። በበጀት ዓመት ከሄዳችሁ ግን 2017 ነው፣ ምክንያቱም በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። አንድ ቀን፣ ሦስት ዓመት! ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ "በዚህ ዓመት ይሄ ሲወጣ ያኛው ወረደ" ከማለታችሁ በፊት ሁለቱም በአንድ አቆጣጠር መሆናቸውን እዩ።

ጳጉሜንም አትርሱ። አንዲት ባለሱቅ ሽያጯን በየወሩ በባር ግራፍ አወጣች እንበል። ነሐሴ 90 ሺህ ብር፣ ጳጉሜን 20 ሺህ። የጳጉሜን ባር ከሌሎቹ መሀል የተቀመጠ ዱካ ነው የሚመስለው፣ ያየ ሰው ሱቁ ሊዘጋ ነው ይላል። በቀን ስታካፍሉት ግን ነሐሴ በቀን 3 ሺህ፣ ጳጉሜን (አምስት ቀን ሲሆን) በቀን 4 ሺህ ነው። የበዓል ሰሞን ገበያ! ያ አጭሩ ባር ከነሐሴ የተሻለው ነው። ዘንድሮ እየተካሄደ ያለ ወርም እንዲሁ ነው፤ ወሩ ሳያልቅ የተሳለ ባር ሁሌም አጭር ነው።

ነጠብጣብ መስመር ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው። የሕዝብ ቁጥራችንን ውሰዱ። በ1987ቱ ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን ገደማ፣ በ1999ኙ 73.75 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ከ1999 ወዲህ ያሉት ነጥቦች የተቆጠሩ ሳይሆኑ የተሰሉ ናቸው። ስሌት መጥፎ ነው አላልኩም፣ ግን ከቆጠራው ጋር በአንድ ቀለም ከተሰመረ ጠይቁ።

ሁለት መስመር አብሮ ስለወጣ አንዱ ሌላውን አወጣው ማለት አይደለም። ክረምት ላይ የበቆሎ እሸት ጥብስም የዣንጥላ ሽያጭም ይደራል፤ ዣንጥላውን ያሸጠው ግን በቆሎው አይደለም። ፓይ ቻርት (እንደ ዳቦ የተቆራረሰው ክብ ግራፍ) ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ቁርጥራጮቹን ደምሩ፣ 100 ካልመጣ (የማጠጋጋት ትንሽ ልዩነት ይቅርና) ዝጉት።

የመጨረሻው ግራፍ እቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ይኖር ይሆናል፦ የልጅ እድገት ካርድ። ጠማማ መስመሮቹ የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ካወጣው መለኪያ የመጡ ናቸው፤ ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ ልጆች ተለክተው። አንዳንዱ ካርድ ላይ 3፣ 15፣ 50፣ 85፣ 97 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። እኛ ፈተና የለመድን ሰዎች 50ን ስናይ ማለፊያ ነጥብ ይመስለናል። አይደለም። ልጅቷ 15ኛው መስመር ላይ ነች ማለት ከመቶ ጤነኛ እኩዮቿ 15ቱ ከእሷ ያንሳሉ፣ የቀሩት ይበልጣሉ ማለት ነው። ወደቀች ማለት አይደለም። ቀጭን ቤተሰብ ቀጭን ልጅ ይወልዳል። መታየት ያለበት የነጥቦቹ ጉዞ ነው። በራሷ መስመር አጠገብ እየሄደች ከሆነ ጥሩ ነው። 50ኛው ላይ የነበረ ልጅ በጥቂት ወራት ወደ 15ኛው ከወረደ ወይም ነጥቦቹ አግድም መሄድ ከጀመሩ ግን፣ ዛሬ ያለበት ቦታ ባያስደነግጥም፣ ለጤና ባለሙያ አሳዩት። አንድ ነጥብ ብቻ ካለ ደግሞ ጉዞውን ገና አይነግራችሁም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱና ሁለተኛውን ነጥብ እያያችሁ ያስቀምጡላችሁ።