ኔት ሲጠፋም የሚከፈት የቤት ሰርቨር ከአሮጌ ላፕቶፕ

በ2015 ክረምት መጨረሻ ላይ ሞባይል ዳታ በክልሉ ሲጠፋ ባህር ዳር የነበረ ሰው ይሄን ጽሑፍ ግማሹን ሳያነበው ይገባዋል። የወንድሜ ሰርግ ፎቶ ስልኬ ላይ ትንንሿ ደብዛዛ ምስሉ ትታያለች፣ ስነካት ግን ክቧ ነገር ዝም ብላ ትሽከረከራለች። እማዬ እንግዳ መጥቶባት "የሰርጉን አሳያቸው እስቲ" ትለኛለች፣ እኔ "ኔት የለም እኮ እማዬ"፣ እሷ ደሞ "ፎቶው ያለው ካንተ ስልክ አይደል እንዴ?" ምን ብዬ ላስረዳት፣ ፎቶው ያለው የሆነ አገር የሆነ መጋዘን ውስጥ ነው ልበላት?

ከዛ ወዲህ ነው እንግዲህ ፎቶ፣ ሰነድ፣ መጽሐፍ ምናምን ቤቴ ባለ ማሽን ላይ የማስቀምጠው፣ ሰርቨር የምለው እሱን ነው፣ ሁልጊዜ በርቶ ለስልኮቹ ፋይል የሚሰጥ ኮምፒውተር። ስሙን ታንኳ ብዬዋለሁ፣ ቀላል ነው ግን አይሰምጥም ብዬ (አንዴ ሰምጧል፣ እመጣበታለሁ)።

ብሩም አለ። ጉግል ፎቶስ ገደብ የለሹን ነፃ ነገር በፈረንጆቹ ሰኔ 2021 አቆመ፣ አሁን የሚሰጡን 15 ጊጋ ነው እሱም ከኢሜይሉ ጋር ተጋርተን። 100 ጊጋ በወር 1.99 ዶላር ነው፣ ዶላር 57 ብር አካባቢ እያለ 115 ብር ምናምን ማለት ነው፣ 2016 ሐምሌ ላይ ምንዛሬው ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈና ያው 100 ጊጋ 200 ብር ገባ። እሱንም የሚከፍል ካርድ ካገኛችሁ ነው። ግን ስሙኝ፣ "ነፃ ነው" ብላችሁ ከሆነ የምትጀምሩት ይቅርባችሁ። በብር የተረፈው በጊዜ ይወጣል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቅ ዳር ሄዶ ቡና መጠጣት ሲቻል ቤት ተቀምጦ ስህተት ማንበብ አለ። እኔ የምቀጥለው ኔት ባይኖርም ስለሚከፈትልኝ ነው፣ በቃ።

እሺ አሠራሩ። አዲስ ነገር አትግዙ፣ በተለይ የዴስክቶፕ ሰርቨር ምናምን አትግዙ። አሮጌ ላፕቶፕ ነው የሚሻለው፣ ስክሪኑ የተሰበረ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ለመጫኛ ጊዜ ብቻ ቲቪ ላይ ትሰኩታላችሁ። ምክንያቱም ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ መብራት ሲጠፋ አይሞትም። እዚሁ አጠገባችን ያለው ውሃ ጣና በለስ ላይ 460 ሜጋዋት ያዞራል፣ እኛ ቤት ግን ያው እንደምታውቁት ነው። 8 ጊጋ ራም ይኑረው፣ የውስጥ ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን። ሳይሠራ ተቀምጦ 15 ዋት ገደማ ቢበላ በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም፣ ከአንድ አምፖል አይብስም።

ዴቢያን (Debian፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ የሊኑክስ ሲስተም) ጫኑበት፣ ሲጫን ዴስክቶፕ የሚለውን ምልክት አንሱ፣ ኤስኤስኤች (SSH፣ ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ማዘዣው) የሚለው ላይ ግን ምልክት አድርጉ። ከዛ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ሎግ-ኢን-ዲ (logind.conf) የሚባለው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ገብታችሁ የክዳኑን መስመር (HandleLidSwitch) ኢግኖር (ignore) አድርጉት። እኔ ይሄን ረስቼ ሁለት ቀን ሙሉ ኔትወርኩ ነው ብዬ ራውተሩን ስነቅል ስሰካ ከርሜያለሁ። ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙት፣ ራውተሩ ውስጥ ደሞ ቋሚ አድራሻ ስጡት፣ የኔ 192.168.1.50 ነው፣ ካልሆነ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አድራሻው ሊቀየርና ስልኮቹ ሊጠፋባቸው ይችላል። ላፕቶፑ ባትሪ አለው ብላችሁ ራውተሩን እንዳትረሱት፣ እሱ ከጠፋ ዋይፋይም የለም። አብዛኛው ራውተር በ12 ቮልት ስለሚሠራ ትንሿ የራውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የምትይዝ ባትሪ) ትበቃዋለች፣ የአስማሚውን ቮልት አይታችሁ ግዙ።

ከዛ ዶከር (Docker፣ ፕሮግራሞችን ለየብቻ በሳጥን አድርጎ የሚያስኬድ) ጫኑ፣ በዶከር ላይ ኢሚች (Immich)። ኢሚች ማለት ልክ እንደ ጉግል ፎቶስ ነው፣ የስልክ አፕ አለው፣ ፎቶ ስታነሱ ቤት ዋይፋይ ውስጥ ስትገቡ ራሱ ይገለብጣል፣ ፊት እየለየም ይመድባል። ራማችሁ 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ ይሄን ፊት መለየቱን አጥፉት፣ ያለሱም ይሠራል። መጫኛው ሁለት ፋይል ነው፣ አንዱ ላይ ፎቶው የት ይቀመጥ የሚለውንና የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ትጽፋላችሁ፣ ከዛ ታስነሡታላችሁ፣ ብራውዘር ላይ አድራሻውን አስገብታችሁ ሁለት ነጥብ (:) ከዛ 2283 ስትሉ ይከፈታል።

አሁን ማንም የማይነግራችሁ ነገር። ኔት የጠፋ ቀን ስልኩ "ይሄ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም" ብሎ ይጠይቃል ወይ ዝም ብሎ ጥሎት ወደ ዳታ ይሄዳል፣ ያኔ ታንኳ አይከፈትም፣ እናንተም ሰርቨሩ ተበላሸ ትላላችሁ። ልቀጥል ወይ ሲላችሁ አዎ በሉት፣ ሁልጊዜ የሚለውንም ምልክት አድርጉ። እማዬ ስልክ ላይ ይሄን እስካደርግ ድረስ በየሳምንቱ "ያ ነገርህ እምቢ አለኝ" ነበር።

ኪዊክስ (Kiwix) ደሞ ሳልጭን አላልፍም። ዊኪፔዲያን እንዳለ አውርዶ ያለ ኔት የሚያስነብብ ነው፣ የአማርኛው ትንሽ ነው 1 ጊጋም አይሞላም፣ የእንግሊዝኛው ከነስዕሉ ከ100 ጊጋ በላይ ነው። በብራውዘር አታውርዱት፣ 90 በመቶ ደርሶ ይቋረጥና ታለቅሳላችሁ፣ በቶረንት አድርጉት ሌሊት ሌሊት እየቀጠለ ይጨርሳል። የኔ 9 ቀን ፈጅቷል። የጎረቤት ልጅ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲያነብ ሰምቶ መጣ፣ ዋይፋዩን ሰጠሁት፣ በማግስቱ 4 ሆነው በራፌ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንዷ "ጋሼ ኔት መጣ እንዴ?" ትለኛለች፣ አልመጣም ስላት ስልኳን እያየች አላመነችኝም።

ከቤት ውጭ ሆናችሁ ለመግባት ራውተሩ ላይ በር (ፖርት) አትክፈቱ፣ መስመራችሁ አንድ አድራሻ ብዙ ሰው የሚጋራበት ከሆነ ደሞ ብትከፍቱትም አይሠራም። ቴይልስኬል (Tailscale) ላፕቶፑም ስልካችሁም ላይ ጫኑ፣ ከታች ዋየርጋርድ የሚባለው የተመሰጠረ መስመር ነው፣ ስልካችሁና ላፕቶፑ ከተቻለ በቀጥታ፣ ካልተቻለ በመሃል ባለ ሰርቨር በኩል ይገናኛሉ። ኢሚች አፕ ላይ ሁለት አድራሻ ማስገባት ይቻላል፣ ቤት ስትሆኑ የቤቱን ውጭ ስትሆኑ የውጭውን ራሱ ይመርጣል። ኢሜይል ግን ቤታችሁ ላይ ላድርግ እንዳትሉ፣ የላካችሁት ሁሉ ስፓም ውስጥ ነው የሚገባው፣ ሞክሬዋለሁ፣ ተዉት።

አሁን መስመጡ። እኛ ቤት ዕቃ የሚያቃጥለው መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው። አንድ ማታ ጠፍቶ መጣ፣ ብልጭ አለ፣ ላፕቶፑ ተርፏል፣ ፎቶዎቹ ያሉበት፣ በራሱ አስማሚ ግድግዳ ላይ የተሰካው ትልቁ ዲስክ ግን ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ቀረ። ባክአፑስ? ባክአፑ እዛው መደርደሪያ ላይ እዛው ማከፋፈያ ላይ የተሰካ ሌላ ዲስክ ነዋ፣ እሱም አብሮ ሄደ። የሁለት ወር ፎቶ ጠፋ፣ ሌላው ስልኮቹ ላይ ስለነበር ተለቀመ። ከዛ ወዲህ ስታቢላይዘር ገዛሁ፣ ዲስኩም ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ኃይል የሚወስደው ትንሹ ዓይነት ነው፣ ባክአፑ ደሞ ሁለት ዲስክ ሆኖ አንዱ ሁልጊዜ እህቴ ቤት ሽንብጥ ሰፈር ነው ያለው፣ በወር አንዴ ይቀያየራሉ። ኢሚች በየሌሊቱ የዳታቤዙን ቅጂ ራሱ ያወጣል፣ ስለዚህ የፎቶውን ፎልደር ብቻ ሳይሆን ያንንም አብራችሁ ገልብጡ፣ አለዚያ ፎቶው ይተርፍና አልበሙና ስሙ ይጠፋል። እና አንዴ መልሳችሁ ከፍታችሁ እዩት እንጂ፣ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለኝ ብላችሁ አትተኙ።

ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጉበት፣ በረሮም ሙቀት ይወዳል። ባትሪው እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲሞላ ማድረግ የሚቻል ከሆነ አድርጉ፣ ሁልጊዜ ተሰክቶ ስለሚኖር ሊያብጥ ይችላል፣ ካበጠ አውጡት ምንም ቀልድ የለውም። ማዘመን ሲኖር መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አውርዱ ከዛ አስነሡ፣ በፈተና ሰሞን ደሞ ጭራሽ አትንኩት።

የመጨረሻው ወረቀት ነው። ክዳኑ ላይ አድራሻው፣ እንዴት እንደሚጠፋ፣ እንዴት እንደሚነሣ ተጽፎ በፕላስተር ይለጠፍ፣ እናንተ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ቤት ያለ ሰው ሲደውል ስልክ ላይ ከማስረዳት ይሻላል። የኔ ላይ በትልቁ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፣ "ይሄን ሶኬት ለካውያ አትንቀሉ"። ማን እንደነቀለው እስካሁን አልታወቀም፣ እማዬ ግን በዛ ቀን ቀሚሷ ተተኩሶ ነበር።